ሁለት ዕቃ፣ አንድ መቀመጫ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ፈገግታ» ይለዋል፤ ሲስቅ ያየው ሰው ግን የለም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከካሜራ ጀርባ ቆሞ ሰውን «ፈገግ በሉ» ሲል፣ የራሱ ግንባር እንደተቋጠረ ነው የኖረው። ስሙን ያወጣችለት የጎረቤት ልብስ ሰፊ ናት። ተጣብቆበት ቀረ፤ ሚስቱ እንኳ ስትናደድበት በዚሁ ስም ትጠራዋለች።

ፎቶ ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ እሱ ያነሳል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሚስቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ብጉር ታጠፋለች፣ የተጨፈነ ዓይን ከሌላ ፎቶ አምጥታ ትከፍታለች፣ አትማ ፍሬም ውስጥ ታስገባለች። «አንተ ታነሳለህ፣ ሰው የማደርጋቸው እኔ ነኝ» ትላለች። እውነት መሆኑን እሱም ያውቃል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ መጣች። በዚያ ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት ያዋለደችው ሲስተር ጡረታ ልትወጣ ነው። በእጇ የተወለዱት ተጠራርተው ቅዳሜ ከሰዓት በሆስፒታሉ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ከመቶ አርባ አያንሱም። እሷን መሃል አስቀምጠው አንድ ትልቅ ፎቶ ይነሳሉ፤ ፎቶውም ክፍሉ ኮሪደር ላይ ይሰቀላል።

«ግን ጋሼ፣» አለች ኃላፊዋ የቦርሳዋን ማንገቻ እየነካካች፣ «ባለፈው ሠራተኞቹን ያነሱን ጊዜ የፊተኞቹ ዱቄት የተነፋባቸው፣ የኋለኞቹ ዋሻ ውስጥ የገቡ መስለው ነበር። አይቀየሙኝ።»

ተቀይሟል። «ይስተካከላል» ብቻ ብሎ ሸኛት።

ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። ካሜራው አናት ላይ የምትቀመጥ አንዲት ፍላሽ ፊት ያለውን ታጠግባለች፣ ኋላ ያለውን ታስርባለች። መፍትሔውም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፤ ሚስቱ ጎትጉታ ያስገዛችው ሁለት ፍላሽ ከነማቆሚያው፣ አንዲት ትሪገር ደግሞ ከነተቀባዮቿ። ትሪገሯ ካሜራው ላይ ትቀመጥና ፎቶ በተነሳ ቁጥር ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ፣ ተቀባይ የተገጠመላቸውን ሩቅ ያሉ ፍላሾች «ብልጭ በሉ» ብላ ታዛለች። ካርቶኑ ግን ቁምሳጥን ላይ ወጥቶ ወራት አቧራ ጠጥቷል።

ማክሰኞ አወረደው። ሁለቱን ፍላሾች ግራና ቀኝ አቆማቸው። ትሪገሯን ይዞ ወደ ካሜራው አናት ሲመጣ የድሮዋ ፍላሹ እዚያ ተደላድላ ተቀምጣለች። የካሜራው መቀመጫ ደግሞ አንድ ነው። ወይ ፍላሽ፣ ወይ ትሪገር።

«ታዲያ የድሮዋን አውርዳታ፣» አለች ሚስቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና።

«አላወርድም።»

«ለምን?»

«ከፊት የሚመጣ ብርሃን ያስፈልጋል። ዓይኑ ውስጥ ብልጭታ የሌለው ሰው በድን ይመስላል።»

«ሁለቱ አይበቁም?»

«አይበቁም አልኩሽ።»

ይህ የእውነቱ ግማሽ ነበር። ሌላውን ግማሽ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቀኝ ዓይኑን ጭስ የመሰለ ነገር ጋርዶታል። መጀመሪያ የካሜራው መስታወት የቆሸሸ መስሎት በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ሰነበተ። ኋላ ገባው። የድሮዋ ፍላሽ ደግሞ አንድ ውለታ ትሠራለታለች፤ ጨለም ባለ ቦታ ብልጭ ከማለቷ በፊት ቀይ ጨረር ትረጫለች፣ ካሜራውም በዚያ ጨረር ተመርቶ ፎከሱን ራሱ ያገኛል። እሷ ከወረደች እሱ በዓይኑ ማጥራት ሊኖርበት ነው። ያ ደግሞ አይሆንለትም። ፎቶ አንሺ ዓይኔ ደከመ ካለ ምን ቀረው? ስለዚህ ደበቀው፤ ሲደብቅ ደግሞ ተነጫነጨ።

መጀመሪያ የሞከረው ያለ ትሪገር ነው። አዲሶቹ ፍላሾች ሌላ ብርሃን ሲያዩ አብረው የሚበሩበት ትንሽ ዓይን አላቸው። አንድ ጊዜ ቢያነሳ ሦስቱም በሩ። ፎቶውን ሲያየው ግን የድሮዋ ብቻ ናት የሠራችው። ደገመው፤ ያው። አሥር ጊዜ ደጋገመው። ሚስቱ የማይገባ ጽሑፍ በሞላበት መመሪያ ላይ አጎንብሳ ቆየችና ቀና አለች።

«የአንተዋ ዋናውን ብልጭታ ከመስጠቷ በፊት ብርሃን ለመለካት ትንሽ ብልጭ ትላለች። እነዚህ እሷን አይተው ይጨርሳሉ። ዋናው ሲመጣ ባዶ ናቸው። ልኬታውን አጥፋና በእጅ አድርጋት።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ፣» አለ። የፍላሿ ቁልፍ ወድቃ ከተጋጨች ጀምሮ አይሠራም፤ በእጅ ማድረጉ የማይታሰብ ነው። ይህንንም ቢሆን ለሚስቱ አልነገራትም። ማን ጣላት ብላ እንዳትጠይቀው።

ረቡዕ ትሪገሯን በጎማና በፕላስተር ከፍላሿ አንገት ጋር አሰራት። መቀመጫውን ካልነካች ከካሜራው ትእዛዝ አይደርሳትምና ጌጥ ሆና ቀረች። ሐሙስ ካሜራው ጎን ላይ በጎማ ክዳን የተሸፈነች ክብ ቀዳዳ አገኘ፤ ስምንት ዓመት ይዞት ሲዞር ከፍቷት አያውቅም። በእሷ በኩል፣ ካርቶኑ ውስጥ በነበረው ገመድ፣ ትሪገሯን ማዘዝ ይቻላል። ካሜራው ሥር የብረት ክንድ አሰረና ትሪገሯን ክንዱ ጫፍ ላይ አስቀመጣት፤ ገመዱን ከቀዳዳዋ ጋር አገናኘ። ፍላሽ አናቱ ላይ፣ ትሪገር ጎኑ ላይ። ሦስቱም በሩ። ደገመ፤ አልበሩም። ገመዱን ነካ አደረገው፤ በሩ። እጁን ሲያነሳ ጠፉ።

አርብ ሬዲዮ ጠጋኙን አማቹን ጠራው። አማቹ መሰኪያውን አገላብጦ አየ፣ በጉጠት ጫፉን ጨመቅ አደረገው፣ ሰካው። አሥር ጊዜ ተነሳ፤ አሥሩንም በራ።

«ጠረጴዛ ላይ ነው የሠራው፣» አለ አማቹ ጉጠቱን ወደ ቦርሳው እየመለሰ። «ቀዳዳዋ ራሷ ልቅ ናት። ካነቃነቅከው አላውቅልህም።»

ማታ ሚስቱ አንዴ እንደገና ሞከረች። «አውርዳትና እንገላገል። አራት ቀን ሙሉ ከአንዲት አሮጌ ፍላሽ ጋር ምን አጣበቀህ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ሥራዬን አውቃለሁ።»

«እኔ ደግሞ አንተን አውቃለሁ፣» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። መስኮቶቹ ከፍ ያሉና ጠባብ ስለሆኑ ቀኑ ብሩህ ሆኖ ሳለ ውስጡ ድንግዝግዝ ነው። ወንበርና አግዳሚ ተደርድሮ ስድስት ረድፍ ሰው ቆመ። የሁሉም ታላቅ የሠላሳ አራት ዓመት የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የሁሉም ታናሽ የአሥራ አንድ ቀን ጨቅላ፣ በእናቷ ክንድ ላይ። አዋላጇ መሃል ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አኑራለች። አጭር ናት፤ የእጇ ጣቶች ግን የትልቅ ሰው ናቸው።

ካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አሰረ። ሚስቱ የቀኙን ፍላሽ ስታስተካክል ቆየችና አጠገቡ መጣች። ቀዩ ጨረር ተረጨ፣ ካሜራው ጢጥ አለ፣ እሱም ተጫነ። የድሮዋ ብቻ በራች።

«አንዴ ቆዩልኝ።»

ገመዱን ገፋ አደረገው። አነሳ። ግራው በራ፣ ቀኙ ዝም አለ፤ የተቀባዩ ባትሪ ላልቶ ኖሯል። ሚስቱ ሮጣ አስተካከለች። አነሳ። አሁን ሁለቱም ዝም። ጨቅላዋ ማልቀስ ጀመረች። ኋላ ካሉት አንዱ «ይሄን ያህል ጊዜማ ሆድ ውስጥም አልቆየንም» አለና አዳራሹ ሳቀ። የእሱ ጆሮ ጋለ። መሰኪያውን ነቅሎ ሰካው፣ እፍ አለበት፣ ደግሞ ሰካው። በሸሚዙ ስር ላቡ ይወርዳል። አነሳ። አልበራም።

አሁን ሰዉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። የክፍሉ ኃላፊ ከዳር ሆና ከንፈሯን ነከሰች። «ለምን በስልክ አንነሳም?» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ያ ከሁሉ በላይ አንገበገበው። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቶ በስልክ ተለወጠ።

አዋላጇ ከወንበሯ ተነሳች። ወደ ሰዉ ዞራ፣ «ምጥ ላይ ያለ ሰው አይጣደፍም። ማናችሁም በሰዓታችሁ አልመጣችሁም፤ እኔ ጠብቄአችኋለሁ። አሁን እናንተ ጠብቁ» አለች። ሾፌሩ እጅጌውን ሰዓቱ ላይ ጎተተ። ከዚያ ቀስ ብላ ካሜራው ድረስ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«የትኛው ነው?»

«ገመዱ ነው ሲስተር፣ ቀዳዳው ልቅ...»

«ገመዱን አላልኩህም፤ ዓይንህን ነው። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ታያለህ፤ በቀኝ ስታይ ፊትህ ይጨማደዳል።»

ሚስቱ አጠገቡ ናት። መዋሸት ይችል ነበር፤ ዋሽቶም ያውቃል። ግን ደክሞት ነበር። አምስት ቀን ከገመድና ከፕላስተር ጋር የታገለው ለዚህች ነገር ሲል ነው፤ አሁን ለመታገል አቅም አጣ።

«ቀኙ፣» አለ።

አዋላጇ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሚስቱ ጎንበስ ብላ መሰኪያውን በአውራ ጣቷ ካሜራው ጎን ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው፤ ትከሻዋ ትከሻውን ገፋው።

«አንሳ። ይዤዋለሁ።»

ቀዩ ጨረር ተረጨ። ሦስቱም አንድ ላይ በሩ። ደገመ፤ በሩ። ሰባት ጊዜ አነሳ፣ ሰባቱንም በሩ፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ነጣ። ከዚያ የካሜራውን ስክሪን አየ። ፊቶች ናቸው፤ ከዚያ በላይ መለየት አልቻለም። ካሜራውን ወደ እሷ አዞረው።

«እስኪ አንቺ እዪው። ጠርቷል?»

እሷ አጉልታ፣ ከረድፍ ረድፍ እየሄደች አየች። «ጠርቷል፣» አለች። ድምጿ ግን የቁጣ ነበር።

ቁጣዋን ያወጣችው ቤት ደርሰው ማቆሚያዎቹን ካስገቡ በኋላ ነው። «ዓመት ሙሉ የደበዘዘ ፎቶ እያጠራሁ ኖሬ፣ ኮምፒውተሩ አረጀ ብዬ ኖሬ፣ አንተ ዓይንህ መሆኑን ታውቅ ኖሯል?»

«አውቅ ነበር።»

«ለእኔ መንገር ምን ነበረበት?»

እሱ ፍላሿን ከካሜራው አናት አላቅቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አኖራት።

ሰኞ ልቅ ስለሆነው ገመድ ሊከራከር ትሪገሯን ወደገዙበት ዕቃ መሸጫ ሄደ። ሻጩ ችግሩን ሰምቶ ሲጨርስ ከኋላው ካለው መደርደሪያ ሌላ ትሪገር አወረደ፤ አናቷ ላይ የፍላሽ መቀመጫ አላት። እሷ ካሜራው ላይ ትቀመጣለች፣ ፍላሿ እሷ ላይ ትቀመጣለች። ገመድ የለ፣ ክንድ የለ፣ አውራ ጣት የለ።

«ይቺ ያኔም ነበረች?»

«ነበረች።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«አልጠየቁንማ፣» አለ ሻጩ፤ ሌላ ደንበኛ ወደ ማስተናገዱ ሄደ። ፎቶ አንሺው አውቶቡስ መጠበቅ አቅቶት እስከ ቤቱ በእግሩ ተጓዘ።

የዓይን ሐኪሙ ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለው። ተራው ግን ከአራት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ሚስቱ ታነሳለች፤ እሱ ማቆሚያ ይሸከማል፣ ፍላሽ ያዞራል፣ «ዝቅ አድርጊው፣ ቀና አድርጊው» እያለ ያደርቃታል። ሁለት ጊዜ ከሥራ ቦታ አባራዋለች።

የዓይን ክፍሉ የሚገኘው ከማዋለጃው ኮሪደር ማዶ ነው። ለምርመራ በሄዱ ቁጥር በትልቁ ፎቶ ፊት ያልፋሉ። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ሰው ቆሞ በጣቱ ራሱን ወይም ልጁን ይፈልጋል። እሱ ግን በደህናው ዓይኑ ቀርቦ የሚያየው ቀኝ ዳር ያሉትን ሦስት ሰዎች ነው፤ የቀኙ ፍላሽ ስላልደረሳቸው ግማሽ ፊታቸው ጨልሟል።

«ያንን ማቆሚያ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ብናወጣው ኖሮ፣» አለ ባለፈው።

«ዛሬ ሐኪሙ ሰሌዳ ላይ ስንተኛው መስመር ድረስ አነበብክ?» አለች ሚስቱ።

«ሁለተኛው።»

«እንግዲህ ና፣ እንሂድ፣» ብላ ክንዱን ያዘችው።