ሰማያዊው ዕቃ

ጎባ ይኖሩ የነበሩት አያቴ፣ ሰው አንድ እንቁላል እንኳ ቢያመጣላቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ነበር የሚቀበሉት። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ደግሞ በእሳቸው ቤት ነውር ነው። ከጓሯቸው ነጭ ሽንኩርት፣ እሱም ከጠፋ አንድ እፍኝ ገብስ ጣል ያደርጉበታል።

አምና ሮቤ ተከራይቼ ወደምኖርበት ቤት በሰማያዊ የፕላስቲክ ዕቃ ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። ቆሎውን በሳምንት ጨረስኩት፤ ዕቃው ግን እኔው ጋ ቀረ። ደመወዝተኛ ሆኜ እንዴት ዳቦ ቢጤ ይዤ እሄዳለሁ? የሃረና ማር ሞልቼ እወስድላቸዋለሁ አልኩ። ማሩ አንዴ ጠፋ፣ አንዴ ተወደደ፣ እኔም ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ከሮቤ ጎባ እኮ በሚኒባስ ቅርብ ነው!

በአያቴ ለቅሶ ላይ ጎረቤታቸው አዴ ፋጡማ አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ።

«የቀረችው በዕቃው አፍራ ነው ይሉ ነበር» አሉኝ። «‹ካገኘሻት ባዶውን ይዛው ትምጣ በያት› ብለውኝ ነበር። እኔ የት አግኝቼሽ፣ ልጄ?»

ለአርባቸው ዕቃውን ማር ሞልቼ ሄድኩ። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። በሩ ላይ ስደርስ ሊቀበለኝ ብዙ እጅ ተዘረጋ። እኔ ግን ዕቃውን እንዳቀፍኩ ወንበራቸውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወንበር ብድግ ያለ የለም።