የአዋላጇ ቃል

ክልሉ ገና በእግሩ ለመቆም በሚውተረተርበት ዘመን፣ ጋምቤላ ከተማ በአንድ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው አቦቦ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። አኙዋክኛ የለመድኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ዓሣ ሳጠምድ ነው።

አንዲት አዋላጅ ከድንበር ማዶ ሸሽታ፣ በጎግ ወረዳ በኩል አቋርጣ፣ እዚያው ከተማችን ኒውላንድ የሚባል ሰፈር ዘመዶቿ ቤት አርፋ ነበር። የአንድ ትልቅ አገር ዲፕሎማት ስለ ስደተኞች ሊጠይቅ ሲመጣ ያየችውን እንድትነግረው ለመንኳት።

«ነግሬው ምን አገኛለሁ?» አለችኝ።

«የእሱ መንግሥት ሲናገር ይሰማል፣ እናቴ። ዝም አይሉም።»

በእኔ ቃል መጥታ ነገረችው። የአገሯ ወታደሮች ወንዶቹን ትምህርት ቤት ውስጥ ቆልፈው ሲያቃጥሉ፣ እሷ ጫካ ውስጥ አንዲት ሴት እያዋለደች ነበር። የወላዷ ጩኸት እንዳይሰማ አፏን በእጇ አፍና ይዛ ነበር። የሞቱትን አንድ በአንድ በስም ጠራች። ብዙዎቹን ሲወለዱ የተቀበለቻቸው እሷ ነበረች። እኔ ከአኙዋክኛ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ዲፕሎማቱ እንባውን ጠረገ።

«ንገራት፤ ይህን ዓለም ይሰማዋል» አለኝ። ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ብቅ እያለች «ተናገሩ?» ትለኝ ጀመር። እኔም ሬዲዮ ስጎረጉር ከረምኩ። አንድ ቀን የዚያ ትልቅ አገር ሚኒስትር የእሷን መንደር ካቃጠለው መንግሥት ጋር ስምምነት እንደተፈራረመ ሰማሁ። ስለ መንደሩ አንድም ቃል አልነበረም።

ዲፕሎማቱ ተመልሶ ሲመጣ በረንዳው ላይ ጠብቄ ጠየቅኩት።

«አልረሳኋትም» አለኝ። «ግን ድርድር ላይ ነን። አሁን ብንወቅሳቸው በሩን ይዘጉብናል።»

«ያለችውን አላመናችሁም?»

«አምነናል። እውነት መሆኑን እናውቃለን።»

ያመመኝ ይኼ ነው። እስከዚያ ድረስ መንግሥታት ዝም የሚሉት ስላልሰሙ ይመስለኝ ነበር።

አለቃዬ ፊቴን አይቶ «እሱን ምን አድርግ ትለዋለህ?» አለኝ። «የእኛስ ሰዎች መቼ ተናገሩ? ጎረቤት መንግሥት ነው፤ ይፈለጋል።»

ኒውላንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ሳልሸፋፍን ነገርኳት። በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«እሱን አላውቀውም» አለች። «እኔ የመጣሁት አንተን አምኜ ነው።»

ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ቢሮ አልመጣችም።

በዚያ ወር የስደተኞችን ሪፖርት ስተይብ፣ ሰዎቹን ያፈናቀለው ማን እንደሆነ በግልጽ ጻፍኩ። አለቃዬ መስመሩን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ መለሰልኝ። «በተፈጠረው ችግር ምክንያት በለው» አለኝ።

ጽሕፈት መኪናው ላይ እንደገና ወረቀት አስገባሁና እንዳለኝ ተየብኩ።