ጣሪያ ያልለበሰው ፎቅ

ሶማሌ ተራ ላይ ከባሌ የቀረችልኝን ጠባብ የክር ሱቅ ያስፈረስኩት አንድ ዐረፍተ ነገር አምኜ ነው። የባሌ ታላቅ ወንድም ከጎኗ ካለው ይዞታው ጋር ቀላቅሎ ፎቅ ሊሠራ ፈለገ። ውላችን ላይ «የመጨረሻው ፎቅ ጣሪያ ሲለብስ ከሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ይሰጣታል» ተብሎ ተጻፈ። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሕንፃው ቆመ። የሥሮቹ ሱቆች ተከራዩ፤ ከእነሱ በላይ ያሉትም ተከራዩ። የመጨረሻው ፎቅ ግን ብረቱን ወደ ሰማይ እንደቀሰረ ቀረ። እኔ ከመንገዱ ማዶ በሰው በረንዳ ላይ ክሮቼን ዘርግቼ ሽቅብ አያለሁ። ጠዋት ጠዋት ደመናው በምሰሶዎቹ መሀል ገብቶ ሲወጣ፣ ያ ፎቅ ከሥሩ ተላቆ ብቻውን የሚንሳፈፍ ይመስለኛል። ዓይኔን ስከድን ሱቄ ውስጥ ነኝ፤ ቀዩ ክር በአንድ መደርደሪያ፣ አረንጓዴው በሌላ፣ በሩ ላይ ፀሐይ። ከዚያ ተሸካሚ «ዞር በሉ እማማ!» ሲል እባንናለሁ።

«እትዬ፣ ዛሬስ ቆርቆሮው አልመጣም?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ።

«በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፤ ጭጋግ ይዞት ነው።»

ይስቃሉ። ማን ማን እንደሳቀ አልረሳሁም።

የባሌ ወንድም ክረምት ሲሆን «ዝናቡ ይውጣ» ይላል፤ በጋ ሲሆን «ቆርቆሮ ተወዷል»። አንድ ቀን ተከራዮቹ ፊት ጠየቅኩት።

«ጣሪያ ለማልበስ ቀን አልተቆረጠብኝም። ውሉን አንብቢው» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ጣሪያው መቼም አይለብስም። ከሰስኩት።

ዳኛዋ በዕድሜ ልጄ የሚሆኑ ናቸው። «ጣሪያውን እንዳያለብሱ የከለከለዎት ነገር አለ?» ሲሉ ጠየቁት።

«የለም ክብርት ዳኛ፤ ጊዜው ሲደርስ ነው እንጂ…»

«ጊዜውን የያዙት እርስዎ ነዎት። እንዳይደርስ እያደረጉ አልደረሰም ብለው መከራከር አይችሉም።»

ጣሪያው እንደለበሰ ተቆጥሮ ሱቁ ተፈረደልኝ። ኮሪደሩ ላይ ተከትሎኝ መጣ።

«ወንድሜ ቢኖር እንዲህ አታዋርጂኝም ነበር።»

«እሱ ቢኖር ሱቋን ይነኳት ነበር ጋሼ?»

አሁን ወደ ፎቁ የሚያስወጣው ደረጃ ከሱቄ በር ሥር ነው። ኪራይ ሊሰበስብ ሲመጣ በእኔ በኩል ማለፍ ግዴታው ነው። ከክሮቼ መሀል ሆኜ፣ ተራው በሙሉ እንዲሰማኝ፣ «እንደምን አደሩ ጋሼ!» እላለሁ። ሰው እያየው ዝም ማለት አይሆንለትም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ወደ ውስጥ ሳያይ።