እስከ ወገብ የሚያሳይ መስታወት

ሮቤ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን የመስታወት ጥያቄዎችን ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ስወጣ፣ ጎረቤቴ አናጺው ኦቦ ቶሎሳ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ሰው ራሱን እስከ ወገቡ ብቻ እንዲያይ መስታወት የት ነው የሚሰቀለው?»

እንቆቅልሽ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ወደ ኋላ ቢርቅም ከወገቡ በታች እንዳይታየው ነው የምፈልገው» አሉኝ።

አፍሬ ደብተሬን አወጣሁና ሥዕሉን ሠራሁላቸው። የመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ በዓይንና በወገብ መካከል እኩል ቦታ ላይ ከዋለ፣ ሰውየው ምንም ያህል ቢርቅ ከወገቡ በታች አይታየውም።

«የማንን ቁመት ልውሰድ?» ስላቸው ድምፃቸው ተሰበረ።

«የጫልቱን።»

ልጃቸው ጫልቱ በመኪና አደጋ አንድ እግሯን አጥታ ሆስፒታል ከርማለች። በማግስቱ ወደ ቤት ልትመለስ ነው።

ቁመቷን አባቷ በልባቸው ያውቁታል፤ አብረን ለክተን መስታወቱን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ጫልቱ በሰው ሠራሽ እግሯ፣ ክራንቿን ተደግፋ ገባችና መስታወቱ ፊት ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ደግሞ ሌላ ጨመረች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አባዬ» አለች፣ «ዝቅ ያድርጉልኝ እንጂ! አረማመዴን እያየሁ ነው የምለማመደው።»