የተቀቀለው ድንጋይ

ሴትየዋ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ላውንደሪ ቤት ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ካውያ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። ቤቷ ስትገባ ቃል አይወጣትም፤ ባሏ ሲቆጣ ዝም፣ ሲሳሳትም ዝም ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ሲሏት፣ የደከመ አፍ ምን ያወራል ብላ ታልፋለች።

ባሏ የታክሲ ሾፌር ነው። ትዕግሥቱን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚገባው። የሚሳሳለት አንድ ነገር ቢኖር ሳሎን ያቆመው የመስታወት ገንዳ ነው፤ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ፣ ሦስት ዓሣዎች፣ ከባሕር የመጡ ድንጋዮች። ድንጋዮቹ ላይ እንደ ኮት ቁልፍ ክብ የሆኑ፣ ሲነኳቸው ኩምትር የሚሉ ነፍስ ያላቸው ነገሮች ተጣብቀዋል።

በዚያ ሰሞን ድንጋዮቹን አልጌ የሚሉት የውሃ አረም ወረራቸው፤ ረጅም አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ። ባልየው ዛሬ ቢነጨው ከነገ ወዲያ ያው ነው። እሑድ ሊጠይቃቸው የመጣው ወንድሟ መስታወቱን አንኳኩቶ፣ «ሰውዬ፣ ዓሣዎችህ ጺም አወጡ እኮ! ምላጭ ልግዛላቸው?» አለ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ባሏ ግን አልሳቀም።

ረቡዕ የገንዳውን ጨው ልትገዛ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄደች። ስለ አልጌው ብታነሣበት፣ «ምግብ ቀንሱ፣ መብራቱን ቶሎ አጥፉ፣ ውሃውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀይሩ። ሁለት ወር ይፈጅ ይሆናል እንጂ ይለቃል» አላት። በር ላይ ስትደርስ ግን መልሶ ጠራት።

«የኔ እህት፣ ድንጋዩን እሳት እንዳታሳዩት። እነዚያ ቁልፍ የሚመስሉት መርዝ አላቸው። በእንፋሎት ከወጣ ሳንባ ነው የሚይዘው።»

ሳንባ ሲላት አማቷ ታወሷት። ሳሎኑ አጠገብ ባለችው ክፍል ነው የሚተኙት፤ በደህናውም ቀን ትንፋሻቸው ተለምኖ ነው የሚመጣው።

ማታ ለባሏ ነገረችው።

«ሁለት ወር?» ብሎ ጮኸ። «እስከዚያ ወንድምሽ ይሳቅብኝ? ቀቅዬ በአንድ ቀን አጠራዋለሁ።»

«እሳት ብቻ አታሳዩት ብሏል።»

«ነጋዴ አይደል! ውሃ ቀይሩ እያለ ጨው ሊሸጥልን ነው። ደግሞ ድንጋይ ተቀቅሎ ማን ሞተ?»

መርዙን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ፊቱን አየችና ዘጋችው። ነገ ሲበርድለት እነግረዋለሁ አለች። ሐሙስ አለፈ። ዓርብም አለፈ።

ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ገና ደረጃው ላይ ሳለች የበሰበሰ ባሕር ሸተታት። በሩን ስትከፍት ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ትልቁ ድስት ይንተከተካል። ባሏ ወንበር ላይ ጎብጦ ይስላል።

«አፌን ብረት ብረት አለኝ» አላት።

ምድጃውን አጠፋች፣ መስኮቱን በረገደች፣ ወደ ውስጥ ሮጠች። የአማቷ ከንፈር ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ምን እየቀቀላችሁ ነው?» አሉ እያቃተቱ። «ራት ከሆነስ ለኔ ይቅርብኝ።»

አዝላቸው ወረደች።

ሐኪም ቤት ወጣቷ ሐኪም፣ «እናት ምንድን ነው የተነፈሱት?» ብላ ስትጠይቅ ባልየው ቀደመ።

«ጭስ ነው፣ ዶክተር። ምግብ አርሮብን።»

ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች። ሴትየዋ እስክሪብቶውን አየች፤ «ጭስ» ብሎ ሊጨርስ ነው።

«ጭስ አይደለም» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ድንጋዩን፣ ቁልፎቹን፣ መርዙን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ የዓሣ ሻጩንም ስልክ ሰጠች።

እስክሪብቶው ቆመ። «መርዝ እንደሆነ መቼ አወቃችሁ?»

«እኔ ነኝ ያወቅሁት። ረቡዕ።»

ባሏ ሳሉን ውጦ ዞረ። «ረቡዕ? አልነገርሽኝም እኮ!»

«አልነገርኩህም።»

ሐኪሟ ነርሶቹን እየጠራች ገባች፤ መጋረጃው ተሳበ። ሴትየዋ ጆሮዋን ወደ ጨርቁ አስጠጋች። የአማቷ ትንፋሽ እየፏጨ ወጣ። ተመልሶ ሲገባ ለመስማት ጠበቀች።