የመምህርት ወርቅዬ ረዳት

መምህርት ወርቅዬ መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምራለች። ስለ አንድ ልጅ ክፉ ሲነገራት፣ አዳምጣ ስታበቃ፣ "እሺ፣ ምን ማድረግ ይሆንለታል?" ብላ ትጠይቃለች። ባልደረቦቿ በዚህ ጥያቄዋ ይስቁባት ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ስለ ሸምሲያ ያልተነገራት ክፉ አልነበረም። ሸምሲያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከሁለት ትምህርት ቤቶች ተባርራለች፤ ቁጣ አይመልሳት፣ ምክር አይገባት። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ሰንደቁ ሥር ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ "በመሆኑም ጓዶች... በመሆኑም..." እያለች ዲሬክተሩን ጓድ ረታን ስታስመስል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዘወር ስትል ጓድ ረታ ከኋላዋ ቆመዋል።

"ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላያት!" አሉ ወርቅዬን ቢሯቸው አስጠርተው።

"ጓድ ረታ፣" አለች ወርቅዬ፣ "የሰኞውን ንግግርዎን አንዴ ሰምታ ነው ቃል ሳትጥል የደገመችው። እኔ ግማሹን እንኳ አላስታውሰውም።"

ዲሬክተሩ የንግግሩን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው አዩት። በመጨረሻ፣ "አንድ ወር። ተጠያቂዋ ግን አንቺ ነሽ" አሉ።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት ነበር። ወርቅዬም ከሰዓት በኋላ ሾላ ገበያ አጠገብ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ነጋዴ ሴቶችን ፊደል ታስቆጥራለች። ሸምሲያን ወደዚያ ልትወስዳት ጠራቻት።

"እኔ የማንም ተላላኪ አልሆንም!" አለች ሸምሲያ።

"ማስተማር እንጂ መላላክ አይደለም። እኔ አልሆነልኝም። ከንጋት ጀምሮ ሲቸረችሩ የዋሉ ሴቶች ናቸው፤ 'ሀ ሁ' ስል ያንቀላፉብኛል። አንቺ ስታወሪ የሚያንቀላፋ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።"

ሸምሲያ እያሾፈችባት መስሏት ፊቷን ትክ ብላ አየች። ወርቅዬ የምሯን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ማንም አላንቀላፋም። ሸምሲያ የሴቶቹን የዋጋ አከራከር አንድ በአንድ እያስመሰለች አዳራሹን በሳቅ አናወጠችው። ከዚያ ግን አንድ እግሯን እየጎተተች እንደ ቃሪያ ሻጯ እንደ እትዬ ሎሚ ሄደች። እትዬ ሎሚ ደብተራቸውን አንስተው ወጡ። ሳቁም ቆመ።

ወርቅዬ አልተቆጣችም። ሴቶቹ ከተበተኑ በኋላ ሰሌዳውን እየጠረገች፣ "ዛሬ ያንቀላፋ የለም፤ ያንቺ ሥራ ነው። ጥሎ የወጣ ሰው አለ፤ እሱም ያንቺ ነው" አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሸምሲያ የቃሪያው መደብ ፊት ቆመች። ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም።

"እትዬ ሎሚ... ትናንት አጠፋሁ።"

እትዬ ሎሚ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "እግሬን በሬ ነው የሰበረኝ፣ ልጄ፤ አያስቅም። ድምፄን ግን ውሰጂው! ላምበረት ድረስ ይሰማል ይሉኛል።" ወዲያው ጮኹ፤ "ቃሪያ! የሚለበልብ ቃሪያ!"

ሸምሲያ ተቀብላ ጮኸች። ድምፁ ቁርጥ እትዬ ሎሚ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀምጣ የነበረች ሽንኩርት ሻጭ፣ "ሎሚ፣ ዛሬስ ምን ነካሽ? ሁለቴ ትጮኺያለሽ?" ብትል ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ፤ አብልጠው የሳቁት ግን እትዬ ሎሚ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሸምሲያ ያንኑ ጩኸት እየጮኸች "ቃ"ን፣ "ሪ"ን፣ "ያ"ን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ቀጥሎ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ጎመን። እያንዳንዷ ሴት በገዛ ድምጿ የምትሸጠውን አነበበች፤ ከዚያም ወደየስማቸው ገቡ። እትዬ ሎሚ "ሎ"ን እና "ሚ"ን ጎን ለጎን ጽፈው ደብተሩን አራቅ አድርገው አዩት።

"ሁለት ብቻ? ይህን ሁሉ ዘመን የፈራሁት ሁለት ፊደል ነው?"

አንድ ወሩ ሲያልቅ ስለ መባረር ያነሳ ሰው አልነበረም። በዘመቻው ዙር ማብቂያም ከሠላሳ አንዱ ሴቶች ሃያ ስምንቱ የመሠረተ ትምህርቱን ፈተና አለፉ። የምስክር ወረቀት በተሰጠ ዕለት አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እትዬ ሎሚ ስማቸውን ለጓድ ረታ ሦስት ጊዜ አነበቡላቸው፤ እሳቸውም ሦስቱንም ጊዜ አጨበጨቡ።

በዚያ ሁካታ መሃል ሸምሲያ ወደ ወርቅዬ ተጠጋች።

"ቲቸር፣ ሴቶቹ አሁን ደብዳቤ መጻፍ አምሯቸዋል። ከየት ልጀምር?"

"ለማን መጻፍ እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸዋ።"

ልትጠይቃቸው ስትዞር ሴቶቹ ሁለቱንም እጅ እጃቸውን ይዘው ወደ ጭፈራው ጎተቷቸው። ወርቅዬ እስክስታ አይሆንላትም ነበር፤ ሸምሲያ ትከሻዋን ይዛ ታስተምራት ጀመር።