በወረቀት የተወተፈው ካሴት

አጎቴ ዘፈን ቀድቶ ሲጨርስ፣ ሌላ እንዳይቀዳበት በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች በቢላ ጫፍ ይሰብራቸው ነበር። «በሩን ዘጋሁት፤ ከእንግዲህ በላዬ ላይ የሚዘፍን የለም» ይላል እየሳቀ።

ነፋስ ስልክ ሰፈር ውስጥ ሬጌ እየዘፈነ ያረጀ ሰው እሱን ብቻ አውቃለሁ። የመጨረሻዎቹን አራት ዘፈኖች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በየስንኙ መሀል ትንፋሹን እየሰበሰበ በቤታችን ቴፕ ቀዳቸው። ፕላስቲኮቹን ለመስበር ግን አቅም አነሰውና ቢላውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔ ሰበርኳቸው።

በተቀበረ በሳምንቱ የሰፈራችን ሙዚቃ ቤት ባለቤት «ላባዛውና ለወዳጅ ይዳረስ» ብሎ ካሴቱን ወሰደ። ሲመልሰው የተሰበሩት ፕላስቲኮች ቀዳዳ፣ እንደገና እንዲቀዳበት በሲጋራ ወረቀት ተወትፏል። ለደንበኛ የሰርግ ዘፈን ቀድቶበት፣ ደንበኛው ሲቀርበት ነው የመለሰልኝ። ከአራቱ ዘፈኖች የተረፈን ሁለት ስንኝ ነው።

«አይ አንተ! ለአንድ ካሴት ይህን ያህል?» አለኝ ባለሙዚቃ ቤቱ፣ ስቆጣበት።

በአርባው ዕለት እሱም ነፍስ ይማር ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀመጠ። ማንንም ሳላማክር ካሴቱን ከፈትኩት። የአጎቴ ሻካራ ድምፅ ሁለት ስንኝ እንዳለ ከበሮና እልልታ ፈነዳበት።

«ምን ጉድ ነው? ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ አንድ አዛውንት።

ባለሙዚቃ ቤቱን በጣቴ አሳየኋቸው። ሰውየው ጋቢውን ሰብስቦ ሲነሳ እናቴ መውጫው ላይ ቆመች።

«ቁጭ በል እንጂ ወንድሜ፣ ገና አላለቀም» አለችው።

ተቀመጠ። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ ቴፑን አልዘጋሁትም።